የለባሹ ግራ

ሰኞ 2

አክስቴ ዛሬም መንገድ ላይ ሞተች።

ይህንኑ በስልክ ስናገር ቀሚስ ልትለካ የመጣች ጎረቤቴ ሰምታ፣ ሜትሬን ከወገቧ ሳላወርድ አቅፋኝ ልታለቅስ ነበር። «ውይ፣ መቼ? ታማ ነበር እንዴ?» አለችኝ። መኪናችን መሆኗን እስካስረዳት ድረስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አክስቴ የሚለውን ስም ያወጣችላት ልጄ ናት፣ ገና ልጅ ሳለች። እንደ አክስት ታጉረመርማለች፣ ግን የጠየቅናት ቦታ ሁሉ ታደርሰናለች ብላ ነው። አሁን የቀራት ማጉረምረሙ ብቻ ሆኗል። ሲሞቃት ድርግም ትላለች፤ ጥቂት ቆማ ስትበርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። ሾፌሩ «ኩርፊያ ነው» ይላል።

ሾፌሩ ባሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ ለኖረ ሰው ጡረታ ስለወጣ ብቻ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ልጄ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ባሏ ሩቅ ቦታ ድልድይ ሥራ ላይ ስለሆነ እኛ ጋ ናት። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ወዲያ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ታክሲው ሁሉ የሰፈራችንን ጭቃ ገና ከሩቅ አይቶ ይዞራል። ሾፌሩ ደግሞ «ልጄን የማደርሳት እኔ ነኝ፣ ያውም በአክስቷ» ብሎ ምሏል። እሷን ስወልድ ያደረሰኝም በዚችው መኪና ነበር። እንግዲህ ወይ አክስቴ ትድናለች፣ ወይ ልጄ ዳገቱ ላይ ትወልዳለች። ይህን የጻፍኩትን ማንም እንዳያይብኝ።

ሐሙስ 5

ብሎን ደወለ። ብሎን የሾፌሩ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፣ የአውቶቡሶቹ መካኒክ የነበረ። ከኪሱ አንድ ብሎን ስለማይጠፋ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ። አሁን ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ስለሚኖር ሕክምናውን የሚሰጠው በስልክ ነው። ድምፁ ግን ስልክ አያስፈልገውም፤ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ይሰማል።

«ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሣል አልከኝ? ሴንሰር ነው በለው። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ነው። ሲሞቅ ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ እሷ ደግሞ ሞተሩ የቆመ መስሏት እሳቱን ትቆርጠዋለች።»

«ታዲያ የት ነው የምፈልገው?»

«እሱ ነው ጣጣው። ከሞተሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ተሸጉጦልሃል። በዓይን አታየውም፣ በዳበሳ ነው። ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ቁርጥ መንታ። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። የታመመው የግራው ነው። እጅህ ከገባ ጥሩ፣ ካልገባ ሞተሩን ማውረድ ነው።»

ሾፌሩ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። አካፋ የሚያህል እጅ ነው፤ እኔ ያገባሁት መጀመሪያ ያን እጅ አይቼ ነው። «ይገባል» አለ።

ቅዳሜ 7

ባጭሩ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ኮፈኑ ተከፈተ። ሾፌሩ እስከ ትከሻው ገባ። መፍቻው ወደቀ። በማግኔት አወጣነው። ደግሞ ወደቀ። ደግሞ። ቅዝቃዜው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ብረቱ አይነካም።

እሑድ 8

የዚህ ቤት ችግር ሁሉም ነገር ቁልፍ መባሉ ነው። እሱ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ «አሥር ቁልፍ አቀብዪኝ» ሲል የብሎን መፍቻ ማለቱ ነው። እኔ አሥር ቁልፍ ስባል የሚታየኝ አንገቱ የተዘጋ ረጅም ቀሚስ ነው። ዛሬ ሆን ብዬ አሥር የቀሚስ ቁልፍ ቆጥሬ በመዳፉ አፈሰስኩለት። ቀና ብሎ እስኪያይ ድረስ ምን እንደያዘ አላወቀም ነበር። ከዚያ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የዚህን ሰውዬ ሳቅ እወደዋለሁ፤ ትከሻው ነው ቀድሞ የሚስቀው።

እጁን ሲያወጣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተልጦ ደሙ እስከ አንጓው ወርዷል።

«ደምተሃል እኮ» አልኩት።

«የቱ ጋ?» አለና መጀመሪያ የግራ እጁን አየ። የደማው ቀኙ ነው።

ቅዝቃዜ ያደነዝዛል። ውሃ አሙቄ አጠብኩት። ውሃው ለካ ሳላበርደው ነው ያፈሰስኩት፤ የኔ ጣት ተቃጥሎ ነው ያወቅኩት። እሱ እጁን ዝርግት አድርጎ ስለ ብሎን ሲያወራኝ ነበር። ምን ዓይነት ልበ ቢስ ሴት ነኝ፣ አንድ ጊዜ በጣቴ ነክቼ አላየውም ነበር?

ማክሰኞ 10

ልጄ ልብስ ስታጥፍ አንድ ሸሚዝ አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«እማዬ፣ የአባዬ ሸሚዝ ሁሉ ቁልፉ ለምንድነው የተቀየረው?»

«አሁን ትልልቅ ቁልፍ ነው ፋሽኑ።»

«ኮቱ ላይ ደግሞ ተለጣፊ?»

«እሱም ፋሽን ነው።»

«አባዬ ነው ፋሽን የሚከተለው?» አለችና ዝም አለች። ይቺ ልጅ ስትናገር አይደለም የምፈራት፣ ዝም ስትል ነው።

ቁልፎቹን ማንም ሳይለምነኝ ነው የቀየርኳቸው። በየጠዋቱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ከአንገቱ ቁልፍ ጋር ሲታገል ማየት ሰለቸኝ። ሰለቸኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አርብ 13

መለዋወጫ ሱቅ ሄደን አዲሱን ሴንሰር ይዘን መጣን። የአውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር ናት። ለዚች ነው ቤት የሚታመሰው።

ስንወጣ ሾፌሩ መነጽሩን ጣለ። ከእጁ ነው የወደቀው፣ እሱ ግን እንደያዘ መስሎት መንገዱን ቀጠለ። ባለሱቁ ሮጦ ሰጠው፤ ተመልሶ ሲገባ «የሽማግሌው እጅ ደህና አይደለም» ሲል ሰማሁት። ሽማግሌ የገዛ አባትህ። ቀኑን ሙሉ እሱን ስሳደብ ዋልኩ፣ በሆዴ። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። ለዛ ነው በሆዴ የሆነው።

ቅዳሜ 14

ተሳካልን! እጄ ጥቁር ዘይት ሆኗል፣ ደብተሩም በጣት አሻራ ተበላሽቷል፣ ግድ የለኝም።

ጠዋት ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴም ብሎኗን መያዝ አቃተው። «እኔ ልግባ» አልኩት። «ምን ልትሆኚ?» አለ። «የኔ እጅ ሕፃን እጅጌ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፣ ያንተ ግን ኪሴ ውስጥ እንኳ አይገባም» አልኩት። ልጄ ከመስኮት ሆና «ግባ አባዬ፣ ይቅርታ፣ ውጣ አባዬ፣ እማዬ ትግባ» አለች። ወጣ።

ከመኪናዋ ፊት የስፌት መቀመጫዬ ላይ ቆሜ፣ ሞተሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ክንዴን ሰደድኩ። እሱ አጠገቤ ባትሪ ያበራል። ብርሃኑ የትም አይደርስም፣ ያም ሆኖ ማብራቱን አይተውም። «ወደ ቀኝ፣ መርፌዬ፣ ወደ ቀኝ» ይለኛል። መርፌ የሚለኝ ከታጨን ጀምሮ ነው። የሾፌር ቀኝ መሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ቀኝ መሆኑን እኔ መቼ አጣሁት? ከፊት ለቆመ ሰው እሱ ግራ ነው፣ ብሎንም «የግራው» ብሏል። ስለዚህ ዝም ብዬ ወደ ግራዬ ሄድኩና ዳበስኩ። አገኘኋት። ሶኬቷን በጥፍሬ ቀጭ አድርጌ ነቀልኩ፣ ብሎኗን በጣቴ ጫፍ ሩብ ሩብ ዙር እያልኩ ፈታሁ። የመርፌ ዓይን ውስጥ በጨለማ ክር ማስገባት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። አዲሷ ገባች። አክስቴ በአንዴ ተነሣች።

ሾፌሩ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ዘይት ገብቶበት ነው አለ። ባትሪ ያዥ ዓይን ውስጥ ዘይት ምን ሊያደርግ ይገባል ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት።

አሮጌዋን ሴንሰር ቁልፍ በማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ጣልኳት። ዕቃ መጣል አልወድም።

ሰኞ 16

ሰፈር ውስጥ ስትዞር ዋለች፣ ምንም። ዳገቱን አልሞከርናትም። ረቡዕ ልጄ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት።

ረቡዕ 18

ዳገቱ ላይ ሞተች። ልጄ ከኋላ፣ ዝናቡ ከላይ፣ የጭነት መኪና ጡሩምባ ከኋላችን።

እስክትበርድ መስኮቱ በትንፋሻችን ጭጋግ ለብሶ ቁጭ አልን። ልጄ የአባቷን ትከሻ ከኋላ ይዛ «ምንም አይደለም አባዬ፣ ሲደርስ የሆነ ነገር እንፈልጋለን፣ አምቡላንስ አለ» አለችው።  በኋላ ነው ቀስ ብሎ «ድሮ እኮ ብሎኑን በጣቴ ነክቼ ልክ መግባት አለመግባቱን አውቅ ነበር» ያለው።

«ብሎኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ያንተ ጣት ምን አገባው?» አልኩት። ላጽናናው ብዬ ነበር። አፌን በሰፋሁት።

ስንመለስ መታጠፊያው ላይ መሪው አመለጠውና የመንገዱን ጠርዝ ነካን። ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ያንሸራትታል። ልጄ አንድም ቃል ሳትናገር ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሐሙስ 19

ከብሎን ጋር ሲያወራ ሰማሁት። «ሰው ፈልግልኝ፣ ትሸጥ» አለው።

«አንተ? እሷን ከምትሸጥ እጅህን ሽጥ» አለው ብሎን እየሳቀ።

ሾፌሩ ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። ከዚያ «እጄንማ ማን ይገዛዋል» አለ።

እኔ የሰማሁ እንዳይመስለው የስፌት መኪናዬን ባዶውን ነዳሁት። ክር እንኳ አልነበረውም።

ቅዳሜ 21

ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው፣ መሳቅ ይገባኝ እንደሆነም አላውቅም።

ለአንድ ደንበኛ ኮት እየገጣጠምኩ ነበር። ኮቱ ጠረጴዛው ላይ ደረቱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። ሾፌሩ ከንፈሩን ጥሎ አጠገቤ ተቀምጧል። ሥራ ይዞ ሐሳቡን ይርሳ ብዬ «የግራ እጅጌውን አቀብለኝ» አልኩት። አቀበለኝ።

«ይሄ እኮ ቀኙ ነው።»

«አንቺ ከፊቱ ነሻ የቆምሽው፣ ባንቺ በኩል ያለውን ግራ ሰጠሁሽ።»

«ልብስ ላይ ግራ የለባሹ ግራ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከስፌት ሠራተኛ ጋር ኖረህ?»

«መኪና ላይም እኮ የለባሹ ነው» አለ። «የሾፌሩ።»

ሁለታችንም መቀሱን አየን፤ ለምን መቀሱን እንዳየን አላውቅም።

«ቆይ» አልኩት። «ያን ቀን ቀኝ ስትለኝ የማንን ቀኝ ነው ያልከኝ?»

«ያንቺን ነዋ። የአክስቴ ግራ ለአንቺ በቀኝሽ ነው የሚመጣው። እንዲቀልሽ ብዬ ገልብጬ ነገርኩሽ።»

«እኔ ደግሞ እንደ ልማድህ የሾፌር ቀኝ መስሎኝ፣ አንተን ላለማድከም ብዬ መልሼ ገለበጥኩት።»

አየህ፣ አየሽ ተባባልን። ጤነኛዋን መንታ አውጥተን፣ አዲሷን በቦታዋ አስገብተን፣ በሽተኛዋን እዚያው አስተኝተናታል። ሰው ግራ ገባኝ ሲል ከእንግዲህ የማን ግራ እንደሆነ ልጠይቀው ነው። አንዳችን እንኳ ትንሽ ራስ ወዳድ ብንሆን ኖሮ መኪናዋ ድና ነበር። ልጄ «ተዉኝ፣ አሁኑኑ ልታስወልዱኝ ነው» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሾፌሩ ትከሻው ሲስቅ አየሁት፣ ስንት ቀኑ።

ጤነኛዋ ደግሞ የትም አልሄደችም። ቁልፍ ጣሳዬ ውስጥ ናት።

እሑድ 22

በልብስ ጠመኔ የግራውን መከላከያ ላይ «ግራ» ብዬ ጻፍኩበት፣ የቀኙን «ቀኝ»። ከአሁን በኋላ ማንም ለማንም አይገለብጥም ተባባልን። መቀመጫዬ ላይ ቆምኩ፣ ተኛሁ፣ ክንዴን ሰደድኩ። ይኼኛው ጎን ይብሳል፤ ክርኔ በሁለት ቧንቧ መካከል ተሰነቀረና ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ።

«አንዴ ይሄን ቧንቧ ንካልኝ፣ ይሞቃል ወይ?» አልኩት። በሌላው ወገን የሱ እጅ ይደርስ ነበር።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ።

 ፊቴ ሞተሩ ላይ ነው፣ ዞሬ ላየው አልችልም። ምናልባት ለዛ ይሆናል የተናገረው።

«መርፌዬ፣ የቀኝ እጄ ጣቶች አይሰሙኝም። ከርሟል። መጀመሪያ ሁለቱ ነበሩ፣ አሁን ሁሉም። ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ይያዝ ይውደቅ፣ ካላየሁ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ቁልፎቹን የቀየርሻቸው ለዛ ነው?»

«ፋሽን ነው።»

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ መሪ አትያዝ ይለኛል። መሪ ካልያዝኩ ምንድነኝ እኔ?»

 ክርኔ ተሰንቅሮ፣ አፍንጫዬ ቤንዚን እያሸተተ፣ እንባዬ ሞተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። «የኔ ነህ» አልኩት። «ሌላውን ሐኪሙ ይንገረን። ቅዝቃዜ ነው እያልኩ ያቆየሁህ እኔ ነኝ፣ ከዚህ ወዲያ አንድ ቀን አልጨምርም።»

«መጀመሪያ ልጅቷ ትገላገል።»

«ከዚያ በማግስቱ።»

«እሺ» አለ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ።

ጤነኛዋ መንታ ገባች። ክርኔም በሳሙና ወጣ።

ማክሰኞ 24

ቁርስ ላይ ከሻይዬ አጠገብ ቁልፍ አስቀመጠ። መፍቻ አይደለም፣ የሸሚዝም አይደለም። የአክስቴ ቁልፍ ነው። ይህን ቁልፍ ተኝቶ እንኳ ከትራሱ ሥር የሚያደርግ ሰው ነው።

«ዳገቱን አንቺ ሞክሪያት» አለ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ገና አዲስ ተጋቢ ሳለን። በየጊዜው አሳድሰዋለሁ፣ እሱ እያለ ግን ነድቼ አላውቅም፤ ማንም ባለጋሪ ከንጉሥ ፊት አይነዳም። ዛሬ ማርሹን እያንጫጫሁ፣ ሰው እየሣቀብኝ፣ ዳገቱን ወጣሁት። ጫፍ ላይ ደርሰን ሞተሩን ሳናጠፋ ቆምን። ሞቃለች፣ ታጉረመርማለች፣ አልሞተችም። «ማርሹን እየገደልሽው ነው» አለኝ። እጁን ግን ወደ ማርሹ አላመጣም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ነበር።

ሐሙስ 26

ውሃዋ ፈሰሰ። ዝናብ አለ። እየወጣን ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

አርብ 27

ትናንት ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ጭቃው ይዞት መንገዱን ዘግቶታል። ልጄ ከኋላ ወንበር ትቃትታለች። እኔ መሪውን አንቄ ይዣለሁ። ወደኋላ ልመለስ ስል ሾፌሩ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ድምፁ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚናገርበት ነው፣ እንዲያ የረጋ።

«ወንዙን የሚከተለው መንገድ አለ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ። ከዛፉ ጋ ወደ ግራ።»

«የማን ግራ?» አልኩት። ከልቤ ነው የጠየቅሁት።

«አሁንማ አንድ ግራ ነው ያለን» አለ። «ወደ አንድ ወገን ዞረን ነው እኮ የተቀመጥነው።»

«የማንም ግራ ይሁን፣ ንጂው!» አለች ልጄ ከኋላ።

ነዳሁት። እያንዳንዱን ጉድጓድ ቀድሞ ይነግረኛል፣ ያንን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ፍሬኑን መቼ፣ ማርሹን መቼ፣ ውሃውን በየት በኩል። ልጃችንን ያደረሳት ማን ነው ብትሉኝ እኔ እጅና እግር ነበርኩ፣ ሾፌሩ እሱ ነው። አክስቴ አንዴም አልጠፋችም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳጠፋት እንኳ ትንሽ አጉረመረመች።

ሴት ልጅ ናት። ቀይ፣ ቁጡ፣ ፀጉራም። አባቷ ነገ ይደርሳል። ልጄ ተኝታ እያየችን፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አቀፋት። ያየው ፊቷን ብቻ ነበር፣ አፉን ከፍቶ።

«አባዬ፣ ጣትህን ያዘችህ እኮ» አለችው ልጄ።

ወደ ግራ እጁ አየ። እዚያ የለችም። ከዚያ ወደ ቀኙ አየ፣ አገኛት። ትንሿ መዳፍ በሌባ ጣቱ ዙሪያ ተዘግታለች። ልጄ ያኔ ገባት፤ ወደኔ ዞረች፣ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ሾፌሩ ጣቱን ሳያነቃንቅ ብዙ ቆየ።

«አጥብቃ ነው?» ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

ጎንበስ ብዬ የሕፃኗን እጅ በጣቴ ነካሁት። «በጣም» አልኩት። «ላላቅቅህ ብልም አልችል።»

እሑድ 29

በማግስቱ ብዬ ነበር፣ ሐኪሙ ያለው ግን ሰኞ ነው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ሾፌሩ ሸሚዙን ዛሬውኑ መርጦ ሰቅሎታል፣ ባለ ትልልቁን ቁልፍ። የምነዳው እኔ ነኝ። ግራና ቀኙን የሚነግረኝ እሱ ነው።